ካልጠራሁሽ እንዳትወጪ

አይጥ ነው ብዬ ነው እንጅ፣ አይጥ መች እንዲህ ይፍቃል፣ አይጥ ሲቦረቡር ፍርፋሪ ይጥላል፣ የእህል ጎታው ሽንቁር ዙሪያ ግን በጣት ነው የተፋቀው፣ በትንሽ ጣት፣ ጭቃው ከጭዱ ተለይቶ፣ እኔ ደግሞ በእበት መረግሁት፣ ተፋቀ፣ መረግሁት፣ ከእትዬ ዓለምብርሃን ቤት ድመት ተዋስሁ፣ ድመቷ ጎታው ስር ስታንቀላፋ ውላ ሄደች፣ ምን ታድርግ፣ አይጥ የለማ። ዛሬ ጧት ነው የልጄ ከንፈር ላይ ያየሁት። ግራጫ ነገር። ደርቆ። አገጯን ይዤ ወደ በሩ ብርሃን ሳዞራት ዝም፣ አፍሽን ክፈቺ ስላት ዝም፣ በጣቴ ስከፍተው ምላሷ ላይ ጭቃ፣ የጎታው ጭቃ፣ አባቷ ሱሪውን ጠቅልሎ በእግሩ ያቦካው ጭቃ።

አልጮህሁም። አልመታኋትም። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላትና መደቡ ላይ አስቀምጫት ወጣሁ። እንዲህ ነኝ እኔ፣ አያለሁ፣ ሁሉን አያለሁ፣ በማየት የሚቀድመኝ የለም፣ ጸጉሯ እንደ በቆሎ ጭራ መቅላቱን አይቻለሁ፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ ማስቸገሩን አይቻለሁ፣ ካየሁ በኋላ ግን እጄ አይታዘዝም፣ ውሃ እንደጠጣ ጋቢ ይከብደኛል፣ ነገ አደርገዋለሁ እላለሁ፣ ነገም ያው ነው፣ ነገም አያለሁ።

ዛሬ ደግሞ ነገ የለም። ዛሬ እትዬ አደይ ትመጣለች። የቢሆነኝ ታላቅ እህት፣ የባሌ እህት፣ ፍኖተ ሰላም ነው ቤቷ፣ ልጅቱን ልትወስድ ነው፣ ባለፈው እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ዮሐንስ ባሉበት ተነጋግረው ጨርሰዋል፣ እናቷ ሸጋዬ እስክትጠና አክስቷ ጋ ትቆይ፣ ከተማ ነው፣ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ አሉኝ መምሬ፣ እርስዎ ካሉ አልኋቸው፣ እርስዎ ካሉ፣ ሌላ ምን እላለሁ፣ ደግሞም ደስ ብሎኛል፣ እውነቱን ለራሴ ልንገረው እንጅ፣ አንድ ነገር ከጀርባዬ የወረደልኝ መሰለኝ፣ ልጄን ሊወስዷት ነው ደስ አለኝ። እግዚኦ።

እና አሁን ጤና ኬላው ግቢ ከሴቶቹ ጋር ግንዱ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ለምን መጣሁ፣ አላውቅም፣ እትዬ አደይ ስትመጣ ቤት ላለመገኘት ይሆናል። ሲስተር ሠርክአዲስ መጥታለች፣ ተኩሱ ቤታቸውን የነካባቸውን እናቶች እየሰበሰበች የምታናግር ናት፣ መድኃኒት አትሰጥ፣ ስንዴ አታድል፣ ሴቶቹ መጀመሪያ ሰሞን ሳቁባት፣ ይህን ሁሉ መንገድ ወሬ ልታወራ ነው እንዴ የመጣች ብለው፣ አሁን ግን ይመጣሉ፣ አዝለው ይመጣሉ፣ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እናት ስትሰበር ልጅ ይረሳል ትላለች፣ ክፉ ስለሆነች አይደለም፣ ልቧ አደጋው ቦታ ስለቀረ ነው፣ የእናትየዋ ቁስል ካልሻረ ልጁን አብልታ አታጠግበውም ትላለች። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፋለች፣ ስነ ልቦና ምናምን የሚል፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ማንበብ አይጠፋኝም፣ ወረቀቱ ላይ የተሳለችው እናት ሹሩባ ተሠርታ ትስቃለች፣ ልጇም ትስቃለች፣ ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ነው፣ የእኔና የልጄ የአምለሰት ጥርስ አንድ ዓይነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ስትስቅ አላየኋትም፣ ከዚያ ወዲህ።

የዛሬው ጥያቄዋ ቀላል ነው። ዛሬ ጧት ልጃችሁ ምን አላችሁ። በቃ።

እትዬ ዓለምብርሃን ቀደመች፣ መቼም እሷ ካለች ዝምታ አይበረክትም፣ የኔው ጉድ፣ እማዬ ስትቆጪ የመምሬን በቅሎ ትመስያለሽ አለኝ አለች፣ ሴቶቹ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፣ ሲስተርም ሳቀች፣ ምን ብለው መለሱለት ስትላት፣ ምን እላለሁ፣ በቅሎዋ እንዳትሰማህ፣ ትቀየማለች አልሁት። ሌላዋ ደግሞ ልጇ ዳቦ ጨምሪ ብላ ቀሚሷን ይዛ መቅደዷን አሳየች፣ የተቀደደውን ገልጣ፣ እያማረረች፣ ግን አየሁት ፊቷን፣ ኮርታለች፣ በተቀደደ ቀሚስ ሰው ይኮራል እንዴ፣ ይኮራል። ቀሚሴን አየሁት። ደህና ነው። ማንም አልቀደደውም።

ሸጋዬ፣ አምለሰትስ ምን አለች።

ስሜን ስትጠራኝ እደነግጣለሁ ሁልጊዜ። ምንም አላለች አልኋት። ጨዋ ናት። ሴቶቹም እውነቷን ነው አሉ፣ እንደዚያች ልጅ ያለ ጨዋ አላየንም፣ በለቅሶው ቀን እንኳ ትንፍሽ ያላለች፣ እንግዳ ሲገባ ጥጓን ይዛ የምትቀመጥ፣ ሳይሰጧት የማትጠይቅ፣ ሳይጠሯት የማትመጣ፣ ምነው የኛዎቹ ግማሿን በሆኑ። እኛ አገር ልጅ እንዲህ ነው የሚመሰገን፣ እኔም ልጅ ሁኜ እንዲህ ተመስግኛለሁ፣ ምስጋናው እንደ ምግብ ነው፣ እያጎረሱሽ ዝም ትያለሽ።

ሲስተር ብቻ ራሷን አልነቀነቀችም። ባለፈው ጊዜ የአምለሰትን ክንድ በባለቀለሙ ጥብጣብ ለክታ መክሳቷን የሚያሳየው ቢጫ ላይ ሲቆም እንደዚህ ነው ያየችኝ፣ ሳትቆጣ፣ የሆነ ነገር እንደወደቀበት ሰው። አሁን ከማን ጋር ናት አለችኝ። ቤት ናት። ከማን ጋር። ብቻዋን ናት፣ ግን የትም አትሄድም። እንዝርቶቹ ይሾራሉ። ከዚያ ሲስተር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መቼ ነው እንዲህ ጨዋ የሆነችው ሸጋዬ፣ ድሮም እንዲህ ነበረች?

ድሮ።

ድሮማ ለፍላፊ ነበረች። አባቷ ከቡሬ ገበያ በርበሬ ሽጦ ሲመጣ ከሩቅ በድምፁ አይደለም የሚያውቃት፣ በድምፅዋ ነው፣ አይይ፣ ተምታታብኝ፣ እሱ ነው ከሩቅ ድምፅዋን ሰምቶ የሚስቅ፣ ይች ልጅ ጠበቃ ትሆናለች እያለ፣ በሬዎቹን ስም አውጥታ ትሰድባቸዋለች፣ ዶሮዎቹን ታስታርቃለች፣ እንቅልፍ ካልወሰዳት አፏ አይዘጋም፣ እባክሽ እረፊ እላት ነበር፣ እባክሽ አንድ ጊዜ ዝም በይ፣ ብዬ ነበር፣ ብዬ ነበር።

ዝም በይ ያልኋትማ ያን ዕለት ነው።

ክረምቱ ገብቷል፣ ጭቃ ነው፣ ተኩሱ ከአስፋልቱ በኩል ነው የጀመረ፣ ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ ዛሬም አላውቅም፣ ጥይት ስሙን ተናግሮ አይገባም፣ ቢሆነኝ በሬዎቹን ላስገባ ብሎ ተነሳ፣ ተው አልሁት፣ በሬ ከሞተ በምን ላርስ ነው አለኝ፣ ተው፣ አሁን መጣሁ፣ በሩን እንኳ አልዘጋውም፣ ተኩሱ ቀረበ፣ ቆየ፣ ከዚያ በሬዎቹ ገቡ። ራሳቸው። ሞፈር ያልነካቸው ይመስል ቀስ ብለው፣ አንዱ ቀንዱ ላይ ቅጠል ተሰክቶበት። እሱ የለም። አምለሰት፣ አባዬስ፣ አባዬስ፣ አባዬስ፣ አንስቼ ጎታው ውስጥ ከተትኋት፣ የክረምት ጎታ ባዶ ነው፣ ዝም በይ፣ ድምፅ እንዳታሰሚ፣ ሰው ቢመጣም፣ ቢርብሽም፣ እኔ ካልጠራሁሽ እንዳትወጪ፣ ሰማሽ፣ እኔ ስጠራሽ ብቻ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ክዳኑን አደረግሁባት፣ ከታች በእህል ማውጫው ሽንቁር አንድ ዓይኗን አየሁት፣ ከዚያ ሮጥሁ።

በቆሎው ማሳ ዳር ነበር። ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ዝናቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ በእጄ ከለልሁት፣ ዓይኑ ዝናብ እየገባበት አይጨፍንም፣ ያኔ ነው ያወቅሁ፣ ግን እጄን አላነሳሁም፣ ተኩሱ እስኪረግብ ሰው አልመጣም፣ ቢመጣም አላየሁም፣ አሁንም እዚያ ነኝ መሰለኝ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ እጄ ግን እዚያ ነው፣ ዝናብ ይከላከላል።

ተናገርሁት መሰለኝ። ጮክ ብዬ ነው እንዴ። እንዝርቶቹ ቆመዋል፣ እትዬ ዓለምብርሃን በነጠላዋ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ ቀላጅዋ ሴት። ሲስተር ሠርክአዲስ ወደኔ ተጠግታለች፣ ሽታዋ የሳሙና ነው። ከዚያስ፣ አምለሰትን ማን አወጣት።

አያ ክንዱ ነዋ። ጎረቤታችን። ሽማግሌው። ቤቱ ክፍት ሁኖ ሲያይ ገባ፣ ፈለጋት፣ ጠራት፣ አልመለሰችም፣ ጎታውን ከፍቶ በብብቷ ይዞ አወጣት፣ እርጥብ ነበረች፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች፣ ብሎ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ነገረ፣ ሰው ሰምቶ አለቀሰ፣ አልቅሶም አመሰገናት፣ ምን ያለች ብልህ ልጅ፣ ምን ያለች ጨዋ።

አንቺስ፣ አለች ሲስተር። ከዚያ በኋላ አንቺ ጠርተሻት ታውቂያለሽ?

እኔ ምን።

እኔማ ለቅሶ ላይ ነበርሁ፣ እኔማ ራሴን ተላጭቼ ጨለማ ክፍል ተቀምጫለሁ፣ ስሙን እያነሱ ደረት ሲመታ ነበር፣ እሷን ከአንዷ ሴት እቅፍ ወደ አንዷ ሲያስተላልፏት አይቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ከዚያ አርባው፣ ከዚያ እርሻው፣ ከዚያ ተዝካሩ፣ ነይ እላታለሁ፣ ተነሺ እላታለሁ፣ አንቺ እላታለሁ፣ ስሟን፣ ስሟን እሱ ነው ያወጣው፣ ስሟን ስጠራ የሱ ድምፅ አብሮ ይመጣል፣ ስለዚህ አልጠራም፣ አልጠራሁም፣ እመብርሃን፣ አልጠራኋትም።

ቢርብሽም ብያታለሁ። ቢርብሽም። ከራሴ አፍ።

ተነሳሁ። ነጠላዬ ግንዱ ላይ ቀርቷል፣ ይቅር፣ ሲስተር አልያዘችኝም፣ ሂጂ አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሂጂ። እትዬ ዓለምብርሃን ከኋላዬ ነጠላሽን አንቺ፣ ነጠላሽን ትላለች፣ መንገዱ ላይ በየደጁ በርበሬ ለፀሐይ ተሰጥቷል፣ ቀይ፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፣ ረግጬው ሄድሁ የሰው በርበሬ፣ ኋላ ይሰድቡኛል፣ ይስደቡኝ። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ቆሟል። መጥታለች። ባለባጃጁ ጥላ ውስጥ እግሩን አውጥቶ ስልኩን ይነካካል፣ እመቤት፣ ሴትዮዋን ቶሎ በሏት፣ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል ተብሏል አለኝ፣ የሚዘጋ መንገድ ሁልጊዜ አለ፣ አልፌው ሄድሁ።

እትዬ አደይ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ፌስታል ይዛለች፣ አዲስ ጫማ አለበት፣ የልጅ ጫማ፣ ሮዝ፣ ገበያ ወርዳ መርጣ ነው የገዛችው፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ወንድሟ ነው የሞተባት፣ ፊቷ ላይ የሱ ግንባር አለ፣ ለዚህ ነው ቀና ብዬ የማላያት።

ልጅቱ የታለች ሸጋዬ፣ ቤቱን ሁሉ ዞርሁት፣ ጠራኋት፣ ጠራኋት፣ ለማን ሰጥተሻት ሄድሽ።

ለማንም።

እንዴት ለማንም፣ አበድሽ እንዴ፣ አንድ ፍሬ ልጅ፣ ወንዝ ቢወስዳትስ፣ የወንድሜን ዘር እንዲህ ልታስጨርሺኝ ነው፣ ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ግን ውስጥ ገብቻለሁ፣ ለዓይኔ ጨለመ፣ መደቡ ባዶ ነው፣ መደቡ ላይ የእግሯ አቧራ አለ፣ ከመደቡ ወደ ጎታው፣ ክዳኑ ትንሽ ዞር ብሏል። ለካ ቀን ቀን እዚህ ነው የምትውል። እኔ በሌለሁበት፣ ባለሁበትም። ታዝዛ።

ክዳኑን ላነሳ እጄን ዘረጋሁና ተውሁት። አያ ክንዱም ክዳኑን አንስቶ ነው ያወጣት። በብብቷ ጎትቶ። መውጣት አይደለም ያ።

ተንበረከክሁ። በእበት የመረግሁትን በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ትናንት የመረግሁት ነው፣ ገና እርጥብ ነው፣ እጄ ታዘዘኝ፣ ሽንቁሩ ተከፈተ። ጨለማ። ከዚያ ዓይን። ያው ዓይን። አይርገበገብም።

አምለ።

አልወጣልኝም። ጉሮሮዬ ውስጥ የሱ ሳቅ አለ፣ ይች ልጅ ጠበቃ ትሆናለች የሚል፣ ቡሬ፣ በርበሬ፣ ዝናብ፣ ዓይኑ፣ እጄን ካነሳሁ ዝናቡ ይገባበታል፣ እጄን ላንሳ፣ ቢሆነኝ ይቅር በለኝ እጄን ላንሳ።

«አምለሰት። እኔ ነኝ፣ እማዬ ነኝ። ጠራሁሽ። ውጪ።»

ዓይኑ ጠፋ። ውስጥ ምንም አይሰማም። እትዬ አደይ በር ላይ ከማን ጋር ነው የምታወሪ አለችና መልሳ አፏን ያዘች። ቆየሁ፣ ጉልበቴ ስር ጭድ ይወጋኛል፣ ትኩስ ትንፋሽ በሽንቁሩ መጣ፣ የጭቃ ሽታ ያለው፣ ከዚያ ድምፅ፣ ዝጎ የነበረ በር የሚመስል ድምፅ፣ የማላውቀው፣ አድጓል፣ እኔ ሳልሰማው አድጓል።

«አለቀ?»

ምን ልበላት። ትናንት ማታ እንኳ ከወዲያ ማዶ ይሰማ ነበር። አለቀ ብላት ነገ ሲተኮስ እናቴ ዋሸችኝ ትላለች፣ አላለቀም ብላት አትወጣም። ከአፌ የወጣው ይኼ ነው።

«አላውቅም ልጄ። ግን ጠርቼሻለሁ።»

እግሯ ግድግዳውን ሲረግጥ ሰማሁ። ክዳኑ ወደቀ። ሁለት እጆች ጠርዙ ላይ፣ ጥፍሮቹ ግራጫ፣ ከዚያ ያ ቀይ ጸጉር፣ ብብቷን ልይዝ አልሁና አልያዝሁም፣ እጄን ብቻ ዘረጋሁ፣ ራሷ መጣች፣ ራሷ ወርዳ ደረቴ ላይ ወደቀች፣ ክብደት የላትም፣ እንደ ገለባ፣ እመብርሃን፣ ይህን ያህል መቅለሏን ባይኔ አላየሁትም ነበር፣ እና አለቀሰች። ማልቀስ አይደለም ያ። ጩኸት ነው። ያን ክረምት ያልጮኸችውን፣ ለቅሶው ላይ ያልጮኸችውን፣ ረሃቡን፣ ሁሉን አንድ ላይ፣ ቤቱ ተሞላ፣ ከጎረቤት ሰው መሮጥ ጀመረ፣ አያ ክንዱ ከዘራውን ይዞ ደጁ ላይ ደረሰ፣ ምንድን ነው፣ ማን ሞተ ይላል፣ እትዬ አደይ ልማድ ሁኖባት እጇን ዘርግታ ዝም በይ የኔ ጨዋ፣ ዝም በይ የኔ።

«ተያት እትዬ። ታልቅስ።»

የኔ ድምፅ ነው። ለባሌ ታላቅ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጫማዎቹን ስታያቸው ስታያቸው እሷም ጀመረች፣ ድምፅ የለሽ፣ ትከሻዋ ብቻ፣ እኔም፣ እኔ እንኳ፣ ራሴን ተላጭቼ ያላለቀስሁት እኔ። ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። አያ ክንዱ ወጥቶ ሲመልሰው ሰማሁ፣ ሂድ አንተ፣ ዛሬ የሚሄድ የለም፣ መንገዱ ተዘጋ በል።

ለዛሬ ነው። እትዬ አደይ ምንም አላለችኝም፣ ነገ ልትለኝ ትችላለች፣ እውነት ይኖራታል። ነገ ጧት እጄ ደግሞ ይከብደኝ ይሆናል። አውቀዋለሁ እጄን። ልረሳት እችላለሁ፣ መደቡ ላይ አስቀምጫት ልወጣ እችላለሁ፣ ሲስተር በአንድ ቀን አይደለም ብላለች፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት እናትና ልጅ በአንድ ቀን አልሳቁም ይሆናል። ጎታውን ግን አልመርገውም። ሽንቁሩ እንዲሁ ይቅር።

እራበኝ አለች።

ደረቴ ውስጥ አፏን ቀብራ፣ በንፍጥ፣ እራበኝ። ምን አልሽ አልኋት፣ ሰምቻለሁ፣ ደግማ እንድትለው ነው። እራበኝ። ደግሚ። እራበኝ፣ እማዬ፣ እራበኝ፣ ቀሚሴን በጥርሷ ይዛ።

እሳት የለም። ያለው ድንች ነው። እትዬ አደይ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፣ ድስቱ የት ነው አለች፣ ፍም አያ ክንዱ ከቤቱ አመጣ፣ ድንቹን ከነልጣጩ ጨመርነው፣ ውሃው ገና ነው፣ ድንቹ ይፈልጋል ጊዜ፣ አምለሰት ጉልበቴ ላይ ሁና ድስቱን ታየዋለች፣ በእግሯ ትመታኛለች፣ ደረሰ ትላለች፣ አልደረሰም እላታለሁ፣ አሁንስ ደረሰ፣ አልደረሰም፣ ደረሰ፣ ገና ነው አምለሰት፣ ገና ነው፣ ትጮሃለች፣ ትጩህ፣ አገር ይስማት፣ ገና ነው የኔ ለፍላፊ፣ ገና ነው።